ሁለተኛው ጥቅል ፊልም

ኮራሊ ደንክሊ ዓረፍተ ነገሩን አራት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችና ለአምስተኛ ጊዜ አነበበችው፤ ቃላቱ ግን አልተለወጡም።

«ለአዲሷ አባል ተሰጥቶ የነበረው የኢንፍራሬድ ፊልም በአባሏ የጥንቃቄ ጉድለት ብርሃን ገብቶበት ተበላሽቷል። የቀረው የመጨረሻ ጥቅል ልምድ ባለው እጅ እንዲነሣበት ለሊቀ መንበሩ ተሰጥቷል።»

የቦራጂን ካሜራ ክበብ ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለአባላቱ በፖስታ ይልካል። ባለፈው ስብሰባ ኮራሊ አልነበረችም፤ እናቷ ከምትጦርበት ቤት ነርሷ ደውላላት እዚያ ነበረች። እሷ የእናቷን ትራስ ስታስተካክል፣ አሥራ አንድ ሰዎች ሻይ እየጠጡ በሌለችበት ፈርደውባት ኖሯል። ቁጣዋ በጩኸት የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። ወረቀቱን በልኩ አጠፈችው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አስቀመጠችው፤ ሻይዋን ሳትቀምሰው ደፋችው።

«የጥንቃቄ ጉድለት!» አለች፣ ማንም በሌለበት ማድ ቤት ቆማ።

ተሰጥኦ ይጎድላታል ቢሉ ባልተከራከረች፤ ካሜራ ከያዘች ገና ሰባት ወሯ ነው። ከሰው ጋር አትጫወትም ቢሉም እውነት ነው። ጥንቃቄ ግን ዕድሜዋን የፈጀችበት ሥራዋ ነበር። በባቡር ሐዲዱ ዳር ባለው የእህል ጎተራ ሃያ ሰባት ዓመት የስንዴ ናሙና መርማሪ ሆና ሠርታለች። ገበሬው የዓመት ልፋቱን በጭነት መኪና ይዞ ይመጣል፤ እሷ ከጭነቱ በረጅም ቱቦ ናሙና ትስባለች፤ ናሙናውን ማሽኑ ውስጥ ትጨምራለች፤ ማሽኑ ዐይን የማያየውን ብርሃን በፍሬው ውስጥ አሳልፎ የፕሮቲኑን መጠን ይናገራል። ያ ብርሃን ኢንፍራሬድ ነው። እሷ በምታነበው ቁጥር የአንዱ ስንዴ ለዳቦ፣ የሌላው ለከብት መኖ ይመደብ ነበር። ስንቱ ጎልማሳ በመስኮቷ ፊት ቆሞ ሰድቧታል፤ በድጋሚ ምርመራ ግን አንድም ቀን ስሕተት አልተገኘባትም። እና አሁን፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ የጥንቃቄ ጉድለት!

ነገሩ የጀመረው በዛፎቹ ነው። ከቦራጂን ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ስልሳ አራት ባሕር ዛፎች ቆመዋል። ከመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ማግሥት የተተከሉ ናቸው፤ ላልተመለሰው ለእያንዳንዱ የከተማው ልጅ አንድ ዛፍ፣ በእያንዳንዱም ግንድ ሥር ስም የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ። ቁጥር ሠላሳ አንድ የኧርኒ ፓስኮ ነው፤ የኮራሊ እናት አጎት። አሁን መንገዱ ሊሰፋ ሆነና ዛፎቹ እንዲቆረጡ ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹ መጋዞች የሚመጡት ሰኞ ማለዳ ነው፤ የሚጀምሩትም ከቁጥር ሃያ እስከ አርባ ባሉት ላይ ነው።

እናቷ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ከአልጋ አትወርድም። የዐይኖቿ መሐል ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የቀራት በዳር በዳሩ የሚታይ ጥቂት ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ነጭ ያለው በጥቁር ላይ ሲሆን ብቻ። ነርሶቹ የቀኑን ስም እንኳ በጥቁር ካርቶን ላይ በትልቅ ነጭ ፊደል ይጽፉላታል። የዛፎቹን ነገር በሬዲዮ ሰምታ «ኧርኒን አንድ ጊዜ ልየው» ስትል ኮራሊ በተራ ፊልም አንሥታ፣ የግድግዳ ወረቀት ያህል አሳትማ ወሰደችላት። አሥራ አንደኛ ዓመቱን በያዘው ድርቅ የባሕር ዛፉ ቅጠል አቧራ መስሏል፤ ሰማዩም እንደዚያው፤ ፎቶው ግራጫ በግራጫ ላይ ሆነ። እናቷ ወረቀቱን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ስታዟዙረው ቆየችና፣ «ጭጋግ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» አለቻት።

ኮራሊ ያኔ ነው ማሽኗን ያስታወሰችው። በሕይወት ያለ ቅጠል ዐይን የማያየውን ያንን ብርሃን ይመልሰዋል፤ ጥርት ያለ ሰማይ ግን አይመልሰውም። ለዚያ ብርሃን በተሠራ ፊልም ላይ የባሕር ዛፉ ቅጠል ውርጭ የወረደበት ያህል ነጭ ይሆናል፤ ሰማዩ ጥቁር። ነጭ በጥቁር ላይ!

ፋብሪካው እንዲህ ያለውን ፊልም መሥራት ካቆመ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ከሞተ አንድ አባል ቤት የመጡ ሁለት ጥቅሎች በክበቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበሩ፣ ከወተቱ ጀርባ። ሊቀ መንበሩ ክላይቭ ቤንቦው ነው፤ ጡረታ የወጣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፤ ለሠላሳ ዓመት የከተማውን ሰው ሁሉ የሠርግና የልደት ፊልም ያጠበ። አንዱን ጥቅል ሲሰጣት በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ አቆይቶባት ነበር።

«ኮራልዬ፣ ይኼ እንደ ሌላው ፊልም እንዳይመስልሽ። ካሜራው ውስጥ በጨለማ ነው የሚጎረሰው፤ ድቅድቅ ባለ ጨለማ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ማጣሪያ ጥቁር ነው፤ በእሱ ውስጥ ምንም አይታይሽም። መጀመሪያ ፎከስ፣ ከዚያ ማጣሪያ። ገባሽ የኔ እመቤት?»

«ገብቶኛል። በራሴ ካሜራ ነው የማነሣው። ሌንሱ ላይ ለዚህ ብርሃን የተሠራች ቀይ ምልክት አለችው፤ ፎከሱን ካገኘሁ በኋላ ወደሷ አዞረዋለሁ።»

ክላይቭ ካሜራዋን ከአንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ አገላብጦ አየው። ባትሪ የማይሻ፣ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ የብረት ካሜራ ነው። «ይኼማ ለሙዚየም ነው» አለና ሳቀ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። በመጀመሪያው ዓመት የክበቡን ካሜራ ብቻ። ያረጀ ዕቃ ብርሃን እያስገባ ስንት ፊልም እንዳበላሸብን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ደንቡን ያወጣው ራሱ ክላይቭ ነበር። የክበቡ ካሜራ ሁሉን ነገር በራሱ የሚያደርግ፣ ፊልሙን በሞተር የሚጎትት፣ በትንሽ መስኮቱ ቁጥር የሚያበራ ዘመናዊ ዕቃ ነው። ኮራሊ ደንብ አክባሪ ናት፤ ወሰደችው። ልብሷን በሙሉ ካወጣችበት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ፣ በሩን በፎጣ ደፍና፣ በዳበሳ ፊልሙን አጎረሰችው። የብርሃን መለኪያው ይህን ብርሃን ማንበብ ስለማይችል እያንዳንዱን ፎቶ በሦስት የብርሃን መጠን አነሣችው፤ ሠላሳ ስድስቱንም በማስታወሻዋ ላይ መዘገበች። ክላይቭ አጥቦ ሲያወጣው ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ ልክ የዛፉ አናት ባለበት፣ የነጭ ጉም መቀነት ተጋድሞ ነበር። ነጩ ቅጠል ከነጩ ጉም ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል። እናቷ እንድታየው የፈለገችው ያንኑ አናቱን ነበር።

«ስታጎርሺው ብርሃን አስገብተሽበታል» አላት ክላይቭ በስልክ። «አትዘኚ፤ ለጀማሪ ያጋጥማል።»

«አላስገባሁም።»

«ኮራልዬ፣ ፊልም አይዋሽም።»

ያን ዕለት መልስ አልሰጠችም። ልታረጋግጠው ያልቻለችውን ነገር አትናገርም፤ ልማዷ ነው። ዛሬ ግን ቃለ ጉባኤው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ሐሙስ ነው፤ ስብሰባው ቅዳሜ፣ መጋዙ ሰኞ። የተበላሸውን ኔጋቲቭ ከነመያዣው አውጥታ በመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈችው፤ የስንዴ ፍሬ ትመረምርበት የነበረውን አጉሊ መነጽርና ማስመሪያ አመጣች፤ ቆማ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች።

ፊልሙን ሲያጎርሱ ብርሃን ቢገባ ኖሮ ጉዳቱ ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ይበረታል፤ ወደ ጥቅሉ ውስጥ በገባ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ በሁለቱም ጠርዝ ይታያል። ይህ ግን በአንዱ ጠርዝ ብቻ ነው። አንደኛውም ፎቶ ላይ፣ ሠላሳ ስድስተኛውም ላይ ስፋቱ እኩል ነው። ደግሞም ጉሙ አንድ ወጥ አልነበረም፤ በፊልሙ ዳር በተርታ በተበሱት ቀዳዳዎች ልክ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ይደምቃል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ስምንት ቀዳዳ፤ ስምንት ድምቀት። ይህን ያደረገው የሰው እጅ ሊሆን አይችልም። አንድ የሚቆጥር ነገር ነው።

ወዲያው ለኖኤሊን ትራንተር ደወለች። ኖኤሊን የክበቡ ጸሐፊ ናት፤ የክበቡ ዕቃ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍም እሷ ጋ ነው።

«ቃለ ጉባኤውን አንብበሽው ነው የምትደውዪው» አለች ኖኤሊን ገና ከማንሣቷ። «ክላይቭ ቃል በቃል ነው ያስጻፈኝ። እጄ ይቆረጥ!»

«እጅሽ ይቆይ፤ ያስፈልገኛል። የክበቡ ካሜራ ሳጥን ውስጥ የአጠቃቀም መጽሐፉ አለ?»

«ሳጥኑ አለ። ካሜራውን ክላይቭ ወስዶታል። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ጥቅል አጉርሶ ወደ ዛፎቹ ሲሄድ አየሁት፤ አደን የሚወጣ ነው የሚመስለው።»

ኮራሊ የስልኩን እጀታ ጨበጠችው። «በክበቡ ካሜራ?»

«በሌላ በምን? ደንቡን ያወጣው እሱ አይደል?»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኖኤሊን ሳጥኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ከሳጥኑ ሥር መጽሐፉ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ካሜራው ሲገዛ እንደመጣ፣ ፋብሪካው በጠቀለለበት ላስቲክ እንደተጠቀለለ። ላስቲኩ አልተቀደደም።

«ክላይቭ መመሪያ አያነብም» አለች ኖኤሊን። «እሱ ራሱ መመሪያ ነው።»

ኮራሊ አልሳቀችም። ላስቲኩን አልቀደደችውም። «መልሺው» አለች በመጨረሻ።

«ምን? ሳታነቢው?»

«ቅዳሜ፣ ሁሉም ባሉበት ይከፈታል። እኔ ብቻዬን ከፍቼ ባመጣው አንቺው ቀድደሽ ያስገባሽው ነው ይሉኛል።»

«ውስጡ የምትፈልጊው ነገር ባይኖርስ?»

«ከሌለ ቃለ ጉባኤውን እኔው አጸድቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም አባላት በሴቶች ማኅበር አዳራሽ ተሰበሰቡ። የሻይ ማፍያው በጥግ በኩል ይንተከተካል፤ ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ በሳህን ቀርቧል። ክላይቭ የክበቡን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሐሙስ አሥራ አንድ ፎቶ አንሥቶ ደመና ስለመጣበት ማቆሙን፣ የቀረውን ነገ እንደሚጨርስ ለሁሉም እየተናገረ ተቀመጠ። ከዚያ በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ አደረገ።

«ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ደርሷችኋል። ትክክለኛ መዝገብ ነው የሚል?»

በጎች በመሸለት ወገቡን የጨረሰው ሜርቪን ሆዌ እጁን ሊያነሣ ሲል ኮራሊ ቆመች። በሰባት ወር ውስጥ በስብሰባ ላይ ስትቆም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ተንቋቋ።

«እርማት አለኝ፣ ክቡር ሊቀ መንበር።»

ክላይቭ ፈገግ አለ። «ኮራልዬ፣ በኋላ ሻይ ላይ እናወራበታለን።»

«የተጻፈው በሻይ ላይ አይደለም፤ በመዝገብ ነው። የሚታረመውም በመዝገብ ነው። ተራ ቁጥር አራት ላይ ፊልሙ በእኔ የጥንቃቄ ጉድለት ተበላሽቷል ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ማስረጃ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።»

እርስዎ ስትለው የክላይቭ ፈገግታ ትንሽ ቀነሰ፤ ሁሌ አንተ ነበር የምትለው። «ሳይንሱ ትንሽ ይከብዳል እኮ፣ የኔ እመቤት። ይኼ ብርሃን በዐይን...»

«በዐይን አይታይም። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እያንዳንዱን ቃል ግን ለብቻው አስቀመጠችው። «የእርስዎ ወንድም ስንዴ መኖ ነው ያልኩ ቀን መስኮቴን በጡጫ ነበር የመታው። ስንዴው ዋናው ቤተ ሙከራ ሄዶ ተመረመረ። ምን ተባለ?»

ሜርቪን ጉሮሮውን ጠረገ። «መኖ ተባለ» አለ። «እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

ሰዎች ሳቁ። ኮራሊ ኔጋቲቩን በመስኮቱ ላይ ለጥፋ አንድ በአንድ አሳየቻቸው፦ አንዱን ጠርዝ፣ እኩል የሆነውን ስፋት፣ ስምንቱን ቀዳዳና ስምንቱን ድምቀት። ከዚያ ኖኤሊን ሳጥኑን አመጣች። ላስቲኩን ሜርቪን በኪስ ቢላው ቀደደው። ኖኤሊን መጽሐፉን ገጽ በገጽ ስታገላብጥ የሚሰማው የሻይ ማፍያው ብቻ ነበር። ሰባ አራተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ።

«‹ማሳሰቢያ› ይላል።» አነበበች። «‹ይህ ካሜራ ፊልሙ ሲጎተት ቀዳዳዎቹን የሚቆጥረው በኢንፍራሬድ ጨረር ነው። የኢንፍራሬድ ፊልም አይጠቀሙበት፤ ጨረሩ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ጉም ይፈጥራል።›» ቀና ብላ ክላይቭን አየችው። «በትንንሽ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ክላይቭ። አንተ ግን በትንንሹም በትልቁም አላነበብከውም።»

ክላይቭ መጽሐፉን ተቀብሎ ለራሱ አነበበው፤ ሽፋኑንም ገለበጠ፣ የሌላ ካሜራ መጽሐፍ እንዲሆን የተመኘ ይመስል ነበር። «እንግዲህ» አለ ቆይቶ። «እነዚህ ፋብሪካዎች ኃላፊነትን ለመሸሽ የማይጽፉት የለም። በተግባር ግን የተለየ ነው። ዋናው ልምድ ነው። የእኔ አሥራ አንድ ፎቶዎች...»

«ይታጠቡ» አለች ኮራሊ።

«ጥቅሉ አላለቀም እኮ!»

«የተነሣበት ብቻ ይታጠብ። ጨረሩ የሚበራው ፊልሙ ሲጎተት ነው። ገና ያልተጎተተው በቆርቆሮ መያዣው ውስጥ ንጹሕ ነው። በጨለማ እቆርጠዋለሁ። የእርስዎ አሥራ አንዱ ይታጠባል፤ ጉም ከሌለበት ዛሬውኑ ከክበቡ እለቃለሁ። ካለበት ግን የቀረው ፊልም ለእኔ ይሰጥ፤ በራሴ ካሜራ እንዳነሣበት።»

«ፊልሜን ልትቆርጪ?»

«የክበቡን ፊልም።»

ሜርቪን «እደግፋለሁ» ብሎ እጁን አነሣ። «ከዚህ በፊት በዚህ አዳራሽ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላየሁም።» እጆች ተቆጠሩ፤ ስምንት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ፣ ክላይቭ ካሜራውን አንቆ ይዞ እጁን አላነሣም። ቀበቶውን ከአንገቱ ለማውለቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ኮራሊ ባለ ሁለት እጅጌውን ጥቁር ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዐይን የሚያየውን ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ ኢንፍራሬዱን ሊያሳልፍ ስለሚችል ከላይ የኖኤሊንን የሱፍ ካፖርት ደረበችበት፤ የመስኮቱንም መጋረጃ ዘጉላት። ካሜራውን፣ መቀሱንና ሁለት ጥቁር ጣሳዎች አስገባች። እጆቿን እስከ ክርኗ ከተተች። ከዚያ በኋላ ፊቷ ብቻ ነበር የሚታየው፤ የትም የማያይ፣ የሚያዳምጥ ፊት። የካሜራው ጀርባ ሲከፈት ተሰማ። መቀሱ አንድ ጊዜ ቀጨም አለ። ክላይቭ የተቆረጠው የራሱ ጣት ይመስል ፊቱን አዞረ።

ኖኤሊን የተቆረጠውን በአዳራሹ ማድ ቤት አጠበችው። ኮራሊ ራሷ አላጠበችውም፤ ክላይቭም እንዲያጥበው አልፈቀደችም። ሌሎቹ ኬክ እየበሉ ጠበቁ። ሜርቪን «ሐኪሙ ገና አልወጣም?» እያለ በየአምስት ደቂቃው በሩን ያንኳኳ ነበር። ኮራሊ አልበላችም። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ከሩብ፤ ፀሐይዋ ገና አለች። ነገ ደመና ነው ብሏል ሬዲዮው። ደመና ካለ ቅጠሉ አይነጣም።

ኖኤሊን ውኃ የሚንጠባጠብ ፊልም በሁለት ጣቷ ይዛ ወጣች። መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። በአሥራ አንዱም ፎቶ ላይ፣ በአንዱ ጠርዝ፣ ያው ጉም ነበር፤ ስምንት ቀዳዳ፣ ስምንት ድምቀት።

ክላይቭ ተነሥቶ ሄደ፤ አጎንብሶ ተመለከተው። የጆሮዎቹ ጫፎች ቀልተዋል። «እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ካሜራው ጥፋት አለበት። ይኼን በመዝገብ እናስፍረው፤ ፊልሙ በካሜራው ብልሽት ምክንያት ጠፋ። ሁላችንም እንስማማለን?»

አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በሰላም አልቆ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ፣ ወደ ስላይድ ፎቶ ውድድሩ መሄድ ፈልገዋል። ኮራሊ ግን አልተቀመጠችም፤ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«አይሆንም» አለች። «በእኔ እጅ ሲጠፋ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በእርስዎ እጅ ሲጠፋ የካሜራው ሆነ። ካሜራው ምንም አልተበላሸም፤ ይሠራል እንደተባለው ነው የሠራው። እኔ የራሴን ይዤ መጥቼ ነበር። ለሙዚየም ነው ብለው ሳቁብኝ፤ ያልተከፈተ መጽሐፍ ያለውን ካሜራ ሰጡኝ፤ ከዚያ በሌለሁበት ጥንቃቄ የላትም ብለው አስጻፉብኝ። እናቴ ያንን ዛፍ የምታይበት ሌላ መንገድ የላትም። ሁለት ጥቅል ነበረን። አንዱ ሙሉ በሙሉ ሄዷል፤ ከሌላው ሲሶው ሄዷል። ጽፈሻል ኖኤሊን?»

«ቃሉን ንገሪኝ» አለች ኖኤሊን ብዕሯን አንሥታ።

ኮራሊ ዐረፍተ ነገሩን ከሐሙስ ጀምሮ በልቧ ስትመዝነው ነበር የሰነበተችው። «‹ፊልሙ የተበላሸው ክበቡ በደንቡ ያስገደደው ካሜራ ለዚህ ፊልም እንደማይሆን በመመሪያው ተጽፎ ሳለ መመሪያው ስላልተነበበ ነው። አባሏ ጥንቃቄ አላጎደለችም።›»

«ማን እንዳላነበበው አልተጻፈም» አለ ሜርቪን።

«ማን እንዳላነበበው ሁሉም ያውቃል። መዝገቡ የእኔን ስም እንዲያጠራ ነው የፈለግሁት፤ የሰው ስም እንዲያጎድፍ አይደለም።»

ክላይቭ ያንን ሲሰማ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ያኛው የከበደው መሰለ። «የሚደግፍ?» አለ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ። ሁሉም እጅ ወጣ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከማንም አልወጣም፤ ኮራሊም ቆማ አልጠበቀችውም። በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ የቀረውን ፊልም የብረት ካሜራዋ ውስጥ አጎረሰች፤ ቁልፏን አነሣች፤ ወጣች።

በመንገዱ ላይ ዛፎቹ ለሁለት ተሰልፈው ቆመዋል፤ በየግንዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ መኪናዋን አቆመች፤ መንገዱን ተሻገረች፤ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ደረቁ ሣር ላይ ተከለች። ፀሐይዋ ከጀርባዋ በኩል ዝቅ ብላለች፤ ቅጠሉን ከግንድ እስከ አናት ታበራዋለች። ሰማዩ ከዛፉ በላይ ጥርት ያለ ነው፤ ደመናው ገና በአድማስ ነው።

ፎከሱን በናሱ ሰሌዳ ላይ ፈለገች፤ ፊደሎቹ በሌንሱ ውስጥ ጥርት ብለው ወጡ፦ ኧ. ፓስኮ። ቀለበቱን ወደ ቀይዋ ምልክት አዞረች። ማጣሪያውን አሽከርክራ ገጠመች፤ በካሜራው ማያ መስኮት ያለው ሁሉ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ካሜራው የሚያየውን እሷ አታይም።

ከኋላዋ የመኪና በር ተዘጋ። ዞር ብላ አላየችም፤ የእግሩን አጣጣል ታውቀዋለች። ክላይቭ ሁለት እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ይቅርታ ለማለት ይሆናል የመጣው፤ እሷም ለአንድ አፍታ እንደዚያ ጠበቀች።

«ቀይዋን ምልክት አትርሺ» አለ። «አናቱንም ከፎቶው ጠርዝ ጋር ብዙ እንዳታስጠጊው። በሦስት መጠን...»

ረጅም ጥላው ከእሷ አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ የናሱን ሰሌዳና የግንዱን ግማሽ ሸፍኖታል።

«ክላይቭ» አለች፣ ዐይኗን ከዛፉ ሳታነሣ። «ጥላህ ኧርኒ ላይ ወድቋል። ዞር በልልኝ።»

ክላይቭ ወደ ጎን ሄደ፤ ጥላው ከግንዱ ላይ ቀስ እያለ ተንሸራትቶ ወረደ፤ ሰሌዳው አበራ። ኮራሊ ንፋሱ ቅጠሉን እስኪለቀው ጠበቀች። ከዚያ መዝጊያውን ተጫነች፤ ፊልሙን በአውራ ጣቷ ጎተተች፤ የብረቱ ማርሽ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር ተሰማት። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን። ሃያ ገደማ ፎቶ ይቀራታል፤ ፀሐይዋም አንድ ሰዓት ያህል።